ለትምህርት ቤቱ ፊርማ ሊሙ ድረስ

ሰውዬው ልጄን ሕይወትን «እስቲ እጅሽን ዘርጊ» ሲላት ነው ነገሩ የገባኝ።

የአባቷ የግርማ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ፊት ለፊታችን እሸት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሰውዬው በሞተር ብስክሌት መጣ፤ ንጹሕ ጃኬት ለብሷል፣ ሁለት ስልክ ይዟል። እኔ ግርማ ሲፈርም ምስክር የሚሆን፣ ወረቀት የሚያውቅ ሰው መስሎኝ ብድግ ብዬ ወንበር ለቀቅሁለት። ሕይወት እየሳቀች እጇን ዘረጋች፤ ከጠዋት ጀምሮ ቡና ስትለቅም ስለነበር ጣቶቿ ጠቁረው ነበር።

«ለስላሳ ነው» አለ፣ ለግርማ እንጂ ለሷ አይደለም። «ሕፃን አዝለሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ልብስ መተኮስስ?»

«ዩኒፎርሜን እተኩሳለሁ» አለች ልጄ፣ የትምህርት ቤት ጥያቄ መስሏት።

«ይለመዳል። ዕድሜዋ?»

«አሥራ አምስት» አለ ግርማ።

«እሱን እናስተካክለዋለን። ይህቺ እንኳን ለአቡ ዳቢም ትሆናለች።»

የያዝኩት የተቀቀለ ጎደሬ እጄ ላይ ቀረ። እኔ የመጣሁት ልጄን ትምህርት ቤት ለማስገባት አንድ ፊርማ ፍለጋ ነው። እሱ የመጣው የቤት ሠራተኛ ሊመርጥ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ፊደሉን ሕይወት አስተካክላልኛለች፣ ንግግሩ ግን የራሴ ነው። የምጽፈውም ሊሙን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ግን እንደኔ ልጅ ይዛችሁ ካገር ልትወጡ ለምታስቡ እናቶች ነው።

ሕይወት የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እህቴ ስትሞት ልጅቷ ገና ጥርስ አላበቀለችም። ግርማ ራሱ ታቅፎ አመጣና «አንቺ አሳድጊልኝ» አለኝ። አባቷ እሱ እንደሆነ ታውቃለች፤ በዓመት አንዴ ማርና ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ይስማታል፣ ይሄዳል። እማ የምትለው ግን እኔን ነው፣ አባባ የምትለውም ባለቤቴን። እንዲህ ላለ ነገር በኛ ዘንድ ማን ወረቀት ያጽፋል? የእህት ልጅ ልጅ ነው፤ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? እኔም አልሄድኩም።

ባለቤቴ ደሳለኝ የቡና መቁያ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ዱባይ ያለ ድርጅት ወስዶታል። ዘንድሮ «ቤተሰብህን አምጣ» አሉት። ወይ እዚያው ዱባይ፣ ወይ ቡና የሚገዙበት ካምፓላ፣ አንዱን ምረጥ ተባለ። ለሱ ሥራው ሥራ ነው፣ ምርጫው ለልጅቷ ትምህርት ነበር። በስልክ ስንቴ ተከራከርን! የዱባዩ ትምህርት ቤት እንደ እንግሊዞች ነው የሚያስተምረው፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ቤቷ ትገባለች፤ ሕይወት ላቦራቶሪውን በስልክ አይታ ልቧ እዚያ ቀረ። የካምፓላው አዳሪ ነው። አገሩ ግን ዝናብና ሙዝ ያለው፣ ጅማን የሚመስል ነው ይላል ደሳለኝ። የካምፓላዎቹ የቀበሌ የአሳዳጊነት ወረቀት ይበቃናል አሉ። የዱባዮቹ የወላጅ አባት ፊርማ ካልመጣ አንቀበልም አሉ። ልጅቷ «ዱባይ ይሁን» አለች፤ እኔም ማታ ማታ እጄ የምትገባበትን ወደድኩ። ስለዚህ ወደ ግርማ መሄድ ግድ ሆነ።

ረቡዕ

ጅማ ካለው ሰፈራችን ከጊንጆ ጉዱሩ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ወረድን። ልብሳችንን፣ የሕይወትን ፓስፖርትና የስልኬን ቻርጀር በአንድ ቦርሳ ከትቻለሁ። ፓስፖርቱን ምን አስያዘሽ ትሉኝ ይሆናል። ያወጣነው ጊዜ ግርማ ጅማ ድረስ መጥቶ አንዲት ቃል ሳይናገር ነበር የፈረመልን፤ አሁንም ቁጥሩን አይቶ ቶሎ ይፈርምልናል ብዬ ነው።

ወደ ሊሙ ገነት ከጅማ ቀጥታ የሚሄድ መኪና አለ። እኔ ግን አደ ነፊሳን ሳላማክር መሄድ አልፈለግሁም፤ በአጋሮ ዞርን። አደ ነፊሳ ጅማ መርካቶ ጨርቅ ስትሸጥ ጎኗ ሽንኩርት የምሸጠው እኔ ነበርኩ። አሁን አጋሮ፣ አገሯ ገብታለች። የልጅ ልጆቿ ዱባይ ይማራሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «እናቴ ጠጋ፣ ጠጋ፣ ዛሬ ፍቅር ነው!» እያለ አራት ሰው ሦስት ቦታ ላይ አስቀመጠን። የቡ የምትባል ከተማ ላይ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ነፋስ የለውም። አንድ ሽማግሌ «ይህ ልጅ አፉን ብቻ ነው የነፋው፣ ጎማውን ረስቶታል» ሲሉ መኪና ሙሉ ሰው ሳቀ፤ ረዳቱም አብሮ ሳቀ። እኛ ጅማ ቡናን የምናውቀው በጆንያ ሲመጣ ነው። እዚህ እኛ ጓሮ ጎመን እንደሚበቅለው በየቤቱ ጀርባ ቀልቶ ተንጠልጥሏል።

አደ ነፊሳ ጥላ ይዛ መንገድ ዳር ጠበቀችን። እጃችንን ሳንታጠብ ጩኮ ቀረበ፤ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ዱቄት ነው፣ እፍኝ ከበሉ እስከ ማታ አይራብም።

«አደ፣ የልጅ ልጆችዎ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ። አራት ቋንቋ ይናገራሉ አሉኝ። ለኔ የሚሆን ግን ከአራቱ አንድም የለም!» ብላ ሳቀች። «ለዕረፍት መጥተው፣ ትንሹ ላሚቷን አየና አንድ ነገር አለኝ። አባቱን ‹ምን አለ?› ብለው ‹ይህቺን ማን ነው የሚያጥባት ይላል› አለኝ።»

«ትምህርቱስ?»

«ትምህርቱ ደኅና ነው። ሙቀቱ ነው ክፉ። ወሩን ሙሉ መስኮት አይከፍቱም። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጎረቤት ሞቶ ቢያድር አይሰማም። ግን ልጆቹ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። እናት ሌላ ምን ትፈልጋለች?»

ይህ ቃሏ ልቤን አሳረፈው። ሕይወት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ አላልኩሽም ማለቷ ነው። ከዚያ አደ ነፊሳ ፊርማውን ማን እንደሚሰጠኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ዘነበች፣ አስፈርሚና ዕለቱን ተመለሺ። በዚያ በኩል ዘንድሮ ልጃገረድ ወደ ዓረብ አገር ያልላከ ቤት የለም ይባላል።»

ሰማሁ፣ ግን የሌላ ሰው ልጆች መሰሉኝ እንጂ የኔ አልመሰለችኝም። አልጋዋን ለኛ ለቃ እሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች። ብለምናትም አልሰማችኝም፤ «ወላሂ ከተነሳሽ እቀየምሻለሁ» አለች።

ሐሙስ

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የተሳፈርንበት ቅጥቅጥ ዳገት ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ወረድን። ሴቱም ወንዱም ገፋ። የሕይወት ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በእጃችን ቆፍረን አወጣነው። በመጨረሻ ቡና የጫነ መኪና በገመድ ጎተተን፤ ሾፌሩ ምስጋናችንን እንኳ ሳይጠብቅ ሄደ።

ሊሙ ገነት ግርማ ቆሞ ይጠብቀናል። ሕይወትን አንገቷን አቅፎ ብዙ ሳማት። ከተማዋ ከጅማ ታንሳለች፤ የጅማ አንድ ሰፈር ብትሆን ነው። አየሯ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ሰዉም ሳይጠይቅሽ አያልፍም። ከከተማው ወጥተን በቡና ውስጥ በእግር ሄድን። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከታች ቡና፤ በቀትር ፀሐይ አይታይም።

ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ግድግዳው ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ አለ፤ አያንቱ ናት፣ የግርማና የአሁኗ ሚስቱ የጫልቱ የመጀመሪያ ልጅ። ዓረብ አገር ሄዳለች። ጫልቱ ለብ ያለ ውኃ አምጥታ ጭቃ የዋጠውን እግሬን በእጇ አጠበችው። ከኔ ብዙ ታንሳለች፣ ግን ፊቷ ደክሟል።

ግርማ ቦርሳችንን ተቀብሎ ጓዳ አስገባና ቆለፈበት፤ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። እኛም ቤት እንግዳ ቶሎ እንዳይሄድ ጫማ ይደበቃል፤ የፍቅር ነው። ሳቅኩ።

«ልታግተን ነው እንዴ ግርማ?»

«ሳምንት ሳትቀመጡ የት ትሄዳላችሁ! ቦርሳ አቅፎ የሚቀመጥ የፖሊስ ጣቢያ እንግዳ ነው።»

«ፊርማውን ግን ዛሬ ብትጨርስልኝ...»

«ነገ። ወረቀት የሚያውቅ ሰው ነገ ይመጣል።»

ዶሮ ታረደልን። ሕይወትን አጠገቡ አስቀምጦ በየመሐሉ ያጎርሳት ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ሕይወት ከጫልቱ ትንንሽ ልጆች ጋር ቡና ለመልቀም ወረደች። ሳቋ እስከ ቤት ይሰማል። ከሰዓት ያ ሰውዬ መጣ። የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ ግርማን ያዝኩት።

«ይሄ ሰው ማነው?»

«የሚወስዳት ነዋ።»

«ወዴት?»

«አንቺስ የምትወስጃት ወዴት ነው? ውጭ አይደለም? ውጭ ውጭ ነው።»

«እኔ የምወስዳት ልትማር ነው!»

«ዘኑ ሙች፣ ሰው ውጭ የሚሄደው ለመማር ነው? ለመማር እዚህስ አለ። አያንቱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ሄዳ ይህን ቆርቆሮ አለበሰችን። አንቺ ዱባይ ወስደሽ እንግሊዝኛ ታስቆጥሪያታለሽ። እንግሊዝኛው ለማን ነው? ለደሳለኝ?»

«ልጅ ናት፣ ግርማ!»

«ልጄ ናት።»

ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አልጮኸም። እንዲያውም የጎደሬውን ሳህን ወደኔ ገፋ አድርጎ «ብዪ እንጂ፣ ምነው?» አለኝ። ክፉ ቢሆን በተሻለኝ፤ ክፉ ሰው ፊቱ ላይ ይታወቃል። እሱ ግን ለልጁ ደኅና ነገር ያገኘላት መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

«ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ይሄዳሉ፣ እሷና ሁለት የጎረቤት ልጆች። ፓስፖርቷም አለ፣ የከበደው ነገር አልቋል። አንቺ እስከዚያ ተቀመጪ፣ ቤትሽ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ነው ፓስፖርቱን በእጄ እንዳመጣሁለት ያየሁት። የስልኬ ባትሪ አልቋል፣ ቻርጀሩ ቦርሳው ውስጥ ነው። ጅማ ቢሆን እሪ ብል ጎረቤት ይሞላል። እዚህ ለማን ነው እሪ የምለው? ጎረቤቱም ልጁን የሚልክ ነው። ሕይወት ተጠግታ «እማ፣ እኔ አልሄድም አይደል?» አለችኝ። «አትሄጂም» አልኳት። ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ጫልቱ የተሰጣውን ቡና ታገላብጥ ነበር። ላግዛት ሄጄ ጎኗ ቆምኩ። ቀና ሳትል ነው የተናገረችኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ የአያንቱን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ‹አዬ፣ አያስተኙኝም› ትለኝ ነበር። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሰውዬውን ስጠይቀው ‹ደኅና ናት› ይላል። ግርማም ‹ደኅና ናት ብሏል› ይለኛል።»

እኔም ጎንበስ ብዬ ቡናውን አብሬያት አገላበጥኩ።

«ነገ ገበያ ነው» አለች። «ጀንፈል ይዤ እወርዳለሁ። እንግዳ ገበያ ቢያይ ማንም ምንም አይልም። ግርማ ገበያ ቀን ገላውን ይታጠባል፤ ቁልፉን ያኔ ያወልቃል። ሂንሶዳቲን።» አትፍሪ ማለቷ ነው።

ቅዳሜ

ጀንፈል ማለት ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው። ግርማ ገላውን ሲታጠብ ጫልቱ ጓዳውን ከፍታ ፓስፖርቱን አወጣችና ጀንፈሉ መሐል፣ ጆንያው ውስጥ ከተተችው። ቦርሳውን ከነልብሳችን ጓዳው ውስጥ እንዳለ ተወችው፤ ቢገባ ቦታው ላይ እንዲያየው። የሕይወት የትምህርት ቤት ጫማም እዚያው ቀረ፤ በቤት ጫማ ነው የወጣነው።

ግርማ በር ላይ ቆሞ ሸኘን። ሕይወትን ግንባሯን ሳማት። «ጫልቱ፣ ለልጄ ደኅና ነጠላ ምረጪላት። ቶሎ ተመለሱ፣ ምሳ አብረን ነው» አለ። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

መንገዱ የገበያ ሰው ነው። እንደምታውቁት እኛ ጅማ «እንደምን አደርክ» ብለን በሩጫ እናልፋለን። እዚያ ሰላምታ እንደዚያ አይደለም። ያገኘሽው ሁሉ ይቆማል። አንቺ እንዴት ነሽ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ቡናው እንዴት ነው፣ እንግዶቹስ ከየት ናቸው። አቋርጦ መሄድ ነውር ነው፤ ሰው ይጠረጥራል። ጫልቱ ጆንያውን ተሸክማ በየአሥር እርምጃው እየቆመች ለሁሉም በርጋታ መለሰች። እኔ ፈገግ እላለሁ። አንዲት አሮጊት ሕይወትን አገጯን ይዘው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት፤ ጫልቱ ቆይታ «‹የግርማ ልጅ አደገች፣ መቼ ነው የምትሄደው› ነው ያሉት» አለችን። አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ገበያው ዳር ጫልቱ ጆንያውን ፈታ ፓስፖርቱን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው። የጅማው ሚኒባስ ቆሟል፣ ግን ገና አልሞላም። ሾፌሩን «ጅማ ሐኪም ቤት ሰው ታሞብኛል» አልኩት። «እናቴ፣ ሁለት ሰው ይሙላልኝና እሄዳለሁ» አለ። እኔና ሕይወት ገብተን ተቀመጥን።

ያኔ ሰውዬውን አየሁት። ከሻይ ቤት ወጥቶ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። እሱም አየን።

«እናቴ፣ ገበያ ናችሁ?»

«አዎ፣ ነጠላ ልንገዛ።»

ነጠላ መኪና ውስጥ አይሸጥም። ዓይኑ ከኛ ወደ ሚኒባሱ ሄደ፣ ከዚያ አንዱን ስልክ ጆሮው ላይ አደረገ፤ በሌላው እጁ ሞተሩን አስነሳ። ጫልቱ ጆንያዋን አንስታ በፊቱ ልታልፍ ስትል ከትከሻዋ ለቀቀችው። ጀንፈሉ ሁሉ ጎማው ሥር ተዘረገፈ።

«ኧረ በአላህ! የሰው ልፋት ልትረግጥ ነው?» ብላ ጮኸች አንዲት ነጋዴ። ሴቶቹ ተሰብስበው ጎንበስ አሉ፤ ጎማው ዙሪያ ሁሉ እጅ ሆነ። «አጥፋው! ጣታችንን ልትቆርጥ ነው? ወንድ አይደለህም፣ ወርደህ ልቀም!» ይሉታል። ሰውዬው መሬት ላይ እግሩን የሚያሳርፍበት አጣ።

በመስኮት ጫልቱን «ነይ፣ አብረን እንሂድ!» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ትንንሾቹ ቤት ናቸው» አለች። ሾፌሩ ምን እንደገባው አላውቅም፤ ሰው ሳይሞላለት ነዳው። ዞር ብዬ ሳያት ከሴቶቹ መሐል አጎንብሳ ቡናዋን ትለቅም ነበር።

መንገድ ላይ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ወደ ኋላ እዞራለሁ። ጎኔ ያለ የኮሌጅ ተማሪ አይቶኝ ኖሮ «ማዘር፣ መደወል ከፈለጉ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ደሳለኝን አገኘሁት።

«ዱባይ ቀርቷል። ካምፓላ በላቸው።»

«ምነው? ፊርማውስ?»

«ፊርማ የለም። ከእንግዲህም አይኖርም። ካምፓላ በላቸው አልኩህ፣ ደሳለኝ፣ ዛሬውኑ።»

ሕይወት ሰምታ ማልቀስ ጀመረች። «አዳሪ ነው እኮ እማ! ብቻዬን ነው የማድረው። ላቦራቶሪም የለውም ብሏል አባባ።» ከዚያ ሁሉ አምልጣ ለላቦራቶሪ ታለቅሳለች ብዬ ልቆጣት አልኩና ተውኩት። ልጅ ናት፤ ስትመኘው የነበረውን ነው ያጣችው። እኔም ማታ ማታ ጉያዬ ከምትገባበት አገር ይልቅ አጥርና ዘበኛ ያለውን ወሰድኩላት። የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። የመረጠልን ፍርሃት ነው። ለምትሄዱ እናቶች የምላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእህታችሁን ልጅ ስታሳድጉ፣ ገና በሕፃንነቷ ፍርድ ቤት ሂዱ። አታፍሩ።

ጅማ ስንደርስ ቤት አልገባንም፤ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። አንዲት ሴት ፖሊስ ቃላችንን ተቀበለች። ስለ ሰውዬው ነገርኳት፣ ሊሄዱ ስለተዘጋጁት ሁለት ልጆች ነገርኳት፣ ስለ አያንቱም ነገርኳት። የአያንቱን ስትጽፍ ብዕሯን አቁማ «የት አገር ነው ያለችው?» አለችኝ። አላውቅም። እናቷም አታውቅም። ስለ ሕይወት ግን «ዕድሜዋ ሳይደርስ ለሥራ ሊልካት አይችልም፤ ቢመጣ ደውይልኝ» ብላ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

ሰፈር ስንገባ ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ለግርማ ደወሉለት። «ልጄን ሰረቀችኝ» ብሎ አለቀሰ አሉ፤ የምር ነው ያለቀሰው። እንዳይመጣ ነገሩት። ጫልቱ ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። እስካሁን አልተነሳም።

የግቢው በር ተዘግቷል፣ ሁለት ጎረቤቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ፓስፖርቱ እጄ ላይ ነው። ሕይወት አጠገቤ ተኝታለች። ቤታችን ገብተናል፤ እኔና ልጄ ተርፈናል።